የባለሞላ ሰንጢ ታሪክና የሕጉ ጉዳይ

(በራዲዮ ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» የሚለውን የአባቶች ብሂል መነሻ አድርገን ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ መጠኑ አነስተኛ፥ ታሪኩ ግን ረዥም የሆነ የአንድ መሣሪያ ጉዳይ ነው። ይኸውም በእጀታው ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ በአውራ ጣት ሲጫኑ ስለቱ በሞላ ኀይል ተፈናጥሮ የሚከፈተው ሰንጢ ነው። ይህ ሰንጢ በአንድ ዘመን ለአዳኝና ለባልትና ሥራ የሚመች ዕቃ ተብሎ ተመሰገነ፤ በሌላ ዘመን ወታደርን ከሞት እንዲያድን በመንግሥት ገንዘብ ተገዝቶ ታደለ፤ ጦርነቱ ካበቃ ዐሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላ ደግሞ የወንበዴ ምልክት ተብሎ በአዋጅ ተከለከለ።

ብረቱ ያው ብረት፥ ሞላውም ያው ሞላ ሆኖ ሳለ ፍርዱ እንዲህ የተለዋወጠው ስለ ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ሰንጢን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ደንብ የሚያረቅ፥ ፈቃድ የሚሰጥ፥ በኬላ ዕቃ የሚፈትሽ፥ መዝገብ የሚመረምር የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ በሥራው ላይ የሚገጥመው ጥያቄ ነው። ሕግ የሚፈርደው በመሣሪያው ላይ ነውን፥ ወይስ መሣሪያውን በጨበጠው እጅ ላይ?

በዚህ ንግግር የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ተጣጣፊ ካራ የዛሬ ወይም የትናንት ፈጠራ አይደለም። በኦስትሪያ አገር ሃልሽታት በሚባለው ስፍራ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተሠራ፥ የአጥንት እጀታ ያለው ተጣጣፊ ካራ ተገኝቷል። ሮማውያንም በገበታና በጉዞ ላይ በተጣጣፊ ካራ ይገለገሉ ነበር። የመታጠፉ ጥቅም ግልጽ ነው። አፎት የሌለው ካራ የባለቤቱን ኪስ ይቀዳል፥ ጭኑንም ይወጋል፤ አፎት ያለው ደግሞ ከወገብ ላይ ተንጠልጥሎ ለሁሉ ይታያል። ተጣጣፊው ካራ ግን የገዛ እጀታውን አፎት አድርጎ በኪስ ውስጥ በሰላም ያድራል።

የጥንቱ ተጣጣፊ ካራ ግን ስለቱን አጽንቶ የሚይዝለት ነገር ስላልነበረው ሲቆርጡበት ይወላውል፥ ሲዘጉትም ይላላ ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ አገር ካራ ሠሪዎች ይህን ጉድለት አቃኑት። ከእነርሱም መካከል ስሙ የታወቀው በብረት ሥራው የገነነው የሸፊልድ ከተማ ነው። በዚያ የነበሩ ካራ ሠሪዎች በ1624 ዓ.ም. በፓርላማ ሕግ የተቋቋመ የራሳቸው ማኅበር ነበራቸው። እነዚህ ባለሙያዎች በእጀታው ጀርባ ላይ ቀጭንና ጠንካራ የብረት ሞላ አኖሩ። ሞላውም የስለቱን ሥር ተጭኖ ስለሚይዘው፥ ሰንጢው ተከፍቶም ሆነ ተዘግቶ እንደ ጸና ይቆያል።

ይሁን እንጂ የጀርባው ሞላ አንዱን ችግር ሲያስወግድ ሌላውን አመጣ። ስለቱ በሞላው ስለተያዘ፥ ሰንጢውን ለመክፈት በስለቱ ጎን በተቀረጸችው ቀጭን ጭረት ጥፍርን አስገብቶ መሳብ ግድ ሆነ። ለዚህም ሁለት እጅ ያስፈልጋል፤ አንዱ እጅ እጀታውን ይይዛል፥ የሌላው እጅ ጥፍር ስለቱን ይስባል። እንግዲህ የፈረሱን ልጓም የያዘ ጋላቢ፥ በማዕበል ጊዜ ገመድ የጨበጠ መርከበኛ፥ ወይም አንድ ክንዱን በጦርነት ያጣ ሰው ሰንጢውን የሚከፍተው እንዴት ነው? በጥርሱ ካልሆነ በቀር መላ የለውም። በአንድ እጅ የሚከፈተውን ሰንጢ የወለደው መሠረታዊ ምክንያት ይህ የሁለተኛው እጅ እጦት መሆኑን አድማጮቻችን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ በሕጉ ጉዳይ ላይ ይመለስብናልና።

ስለትን በሞላ ማስፈንጠር የሚለው ሐሳብ በጦር መሣሪያ ሥራ ዘንድም ይታወቅ ነበር። በ1781 ዓ.ም. የበርሚንግሃም ከተማ ሰው የሆነው ጆን ዋተርስ ሞላ ያለው ሳንጃ የተገጠመለት ሽጉጥ ሠርቶ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። በዚያ ዘመን ሽጉጥ አንድ ጊዜ ከተተኮሰ በኋላ እንደገና እስኪጎርስ ድረስ ባዶ ብረት ነው። ስለዚህ በሠረገላ የሚጓዘው መንገደኛ ጥይቱ ቢስትበት መቀርቀሪያውን በጣቱ ይስበዋል፤ ወደ ኋላ ታጥፎ የነበረው ሳንጃም ተፈናጥሮ ወደ ፊት ይቆማል። ከ18ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ ይኸው ዘዴ በኪስ ሰንጢ ላይ እየዋለ ሄደ። በሸፊልድ፥ በፈረንሳይና በኢጣልያ ያሉ ካራ ሠሪዎችም በ19ኛው መቶ ዓመት ባለሞላ ሰንጢ ይሠሩ ነበር። ሥራው ሁሉ በእጅ የሚከናወን ስለ ነበረ ግን ዋጋው ከፍ ያለ፥ ገዢውም ባለጸጋ ብቻ ነበር።

በኢጣልያ አገር ይህ ሙያ ከሁሉ ይልቅ ሥር የሰደደው በሰሜን ምሥራቅ በፍሪዩሊ አውራጃ በምትገኘው በማኒያጎ ከተማ ነው። በ1453 ዓ.ም. የአካባቢው መስፍን ከወንዝ ውሃ የሚጠልፍ ቦይ ለማስቆፈር ከቬኒስ መንግሥት ፈቃድ አገኘ። ቦዩ ለወፍጮ ብቻ ሳይሆን የአንጥረኞችን መዶሻ ለሚያንቀሳቅሱ መንኰራኵሮችም ኀይል ሰጠ፤ ከዚያም ወዲህ የማኒያጎ ሰው ኑሮው ከስለት ጋር የተያያዘ ሆነ። ስለቱ ቀጭንና ረዥም፥ እጀታውም ከቀንድ የተሠራው፥ ኋላ በዓለም ሁሉ የታወቀው የኢጣልያ ባለሞላ ሰንጢ ስሙ ከዚህች ከተማ ጋር ይነሣል። እኛም በየጋራዡና በየጥገና ቤቱ «ሞላ» እያልን የምንጠራው ቃል ከዚያው ከኢጣልያ ቋንቋ የተገኘ ነው፤ ስለዚህ የዚህን ሰንጢ ጠባይ በአማርኛ ስንገልጽ ከአገሩ ቃል ብዙ አልራቅንም።

ባለሞላውን ሰንጢ ከባለጸጋ እጅ አውጥቶ ለሕዝብ ገበያ ያቀረበው ግን አሜሪካዊው መሣሪያ ሠሪ ጆርጅ ሽሬድ ነው። ሽሬድ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ላይ በኒው ዮርክ ከተማ በቁልፍ የሚከፈት ሰንጢ ፈልስፎ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ቀጥሎም በዚያው በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ዎልደን በምትባለው የካራ ሠሪዎች ከተማ ሥራውን አስፋፋ፤ በ1904 ዓ.ም. ከሁለት ወንድሞቹ ጋር በስማቸው የሚጠራ ፋብሪካ አቋቋመ። የእርሱ ጥበብ ሰንጢውን በመኪና በብዛት ለመሥራት የሚያመች ማድረጉ ነበር። ስለዚህ ዋጋው ለገበሬውም፥ ለነጋዴውም፥ ለጸሐፊውም የሚቀርብ ሆነ። በዚያ ዘመን ይወጡ የነበሩት ማስታወቂያዎች ስለ ጠብ ወይም ስለ ውጊያ አንዳች አይናገሩም። የሚናገሩት ጥፍር ሳይሰበር በአንድ እጅ እንደሚከፈት ነው። በመርፌ ሥራ ቅርጫት ውስጥ የሚቀመጡ ትንንሽ ባለሞላ ሰንጢዎችም ለወይዛዝርት ይሸጡ ነበር። የአሠራሩን ጥቅም ያየ ሰው ሁሉ እንደ መልካም ዕቃ እንጂ እንደ ክፉ መሣሪያ አልቈጠረውም።

አሠራሩን በአጭሩ እንግለጸው። በእጀታው ውስጥ ስለቱን ወደ መከፈት ዘወትር የሚገፋ ሞላ አለ። ስለቱ በተዘጋ ጊዜ የቁልፉ ጫፍ በስለቱ ሥር በተበሳው ቀዳዳ ገብቶ ያግደዋል። ቁልፉ ሲጫን ጫፉ ከቀዳዳው ይወጣል፤ የታገደው ሞላ ይለቀቃል፤ ስለቱም በቅጽበት ይዘረጋል። ሙሉ በሙሉ በተዘረጋ ጊዜ ደግሞ ያው የቁልፍ ጫፍ በሌላ ቀዳዳ ገብቶ እንዳይታጠፍ ያጸናዋል። ለመዝጋት ቁልፉን ዳግመኛ ተጭኖ ስለቱን ከሞላው ጋር እየታገሉ ማጠፍ ያስፈልጋል። እንግዲህ ልብ ብለን ካየነው፥ ሰንጢውን የሚከፍተው የአውራ ጣት ጉልበት አይደለም፤ ባለቤቱ ቀደም ሲል ሲዘጋው ያከማቸው ድካም ነው። ሰላም በሆነበት ሰዓት በሁለት እጅ የተከፈለው ድካም፥ በችግር ሰዓት ለአንድ እጅ ይመለሳል ማለት ነው።

የዚህም ጥቅም ጎልቶ የታየው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በጃንጥላ ከአውሮፕላን የሚወርድ አየር ወለድ ወታደር በዛፍ ላይ ቢንጠለጠል፥ ወይም ነፋስ ጃንጥላውን ነፍቶ መሬት ለመሬት ቢጎትተው፥ ወይም ውሃ ውስጥ ቢወድቅ፥ ሕይወቱን የሚያተርፈው ገመዱን ቶሎ መቁረጥ ነው። በዚያን ጊዜ አንድ እጁ በገመድ ተይዞ ወይም ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። የጀርመን አየር ኀይል ይህን አስቦ ከ1937 ዓ.ም. ጀምሮ ስለቱ በገዛ ክብደቱ ከእጀታው ወደ ታች የሚወርድ ካራ ለሰዎቹ ሰጠ። አሜሪካኖች ደግሞ ከጆርጅ ሽሬድ ንድፍ የተወሰደውን ባለሞላ ሰንጢ «ኤም 2» የሚል የወታደር ስያሜ ሰጥተው ለአየር ወለዶቻቸው አደሉ። በ1942 ዓ.ም. ለአየር ወለዶች በወጣው ጃኬት ላይ ከአንገት ሥር፥ ከግራም ከቀኝም እጅ እንዲደረስበት ሁለት ዚፕ ያለው ልዩ ኪስ ለዚህ ሰንጢ ተዘጋጅቶለት ነበር። መንግሥት ራሱ በብዛት አሠርቶ የሰጠው፥ ወታደሩም የነፍሱ ዋስ አድርጎ የያዘው ዕቃ ነበረ።

ጦርነቱ አልቆ ወታደሮቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በኢጣልያ የነበሩት አሜሪካውያን የማኒያጎን ቀጭን ባለሞላ ሰንጢ ለማስታወሻ ይዘው ገቡ። ነጋዴዎችም ፈላጊ መኖሩን አይተው ከኢጣልያ በብዛት ማስመጣት ጀመሩ። ይህ ሰንጢ ከሽሬድ ሰንጢ በመልኩ ይለያል፤ ስለቱ ረዥምና ጫፉ ሹል፥ ለመቁረጥ ሳይሆን ለመውጋት የተሠራ መስሎ የሚታይ ነው። ወራቱም በአሜሪካ ትላልቅ ከተሞች ስለ ወጣቶች ጥፋት ብዙ የሚወራበት፥ በየመንደሩ የሚደራጁ ጎረምሶች እርስ በርሳቸው የሚጣሉበት ወቅት ነበር። በእነዚህ ጠቦች ወጣቶች በስለት ቆስለዋል፥ ሞተዋልም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንዲሉ፥ ልጁን ያጣ ወላጅና አካሉ የጎደለ ወጣት ሐዘኑ እውነተኛ ስለ ነበረ ጉዳዩ ችላ የሚባል አልነበረም።

በኅዳር ወር 1950 ዓ.ም. ለቤት እመቤቶች ይታተም በነበረ አንድ የታወቀ መጽሔት ላይ «የሚገድለው መጫወቻ» የሚል ርእስ ያለው ጽሑፍ ወጣ። ጽሑፉ የእናቶችን ልብ አስደነገጠ፤ ለምክር ቤት አባላትም ብዙ አቤቱታ ይደርስ ጀመር። ሲኒማውና ቴያትሩም ነገሩን አጋነነው። በ1955 ዓ.ም. በጄምስ ዲን ፊልም ውስጥ፥ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ በኒው ዮርክ መድረክ በታየው «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» በተባለው የሙዚቃ ቴያትር ውስጥ የጎረምሶች ጠብና ስለት አብረው ታዩ። ሰንጢው ሲከፈት የሚያሰማው የ«ቀጭ» ድምፅ ብቻውን ተመልካቹን የሚያስደነግጥ ምልክት ሆነ።

በዚያው በ1957 ዓ.ም. በሲድኒ ሉሜት የተዘጋጀው «ዐሥራ ሁለቱ ቁጡ ሰዎች» የተባለው ፊልም ግን ነገሩን በሌላ ዐይን ያሳያል። አባቱን ገደለ ተብሎ የተከሰሰ ወጣት የገዛው ባለሞላ ሰንጢ ሌላ አምሳያ የለውም ተብሎ በማስረጃነት ይቀርባል። ከዳኝነት ተቀማጮቹ አንዱ ግን ፍጹም አምሳያውን ከኪሱ አውጥቶ በጠረጴዛው ላይ ይተክለዋል፤ ከተከሳሹ ሰፈር አጠገብ ካለ ሱቅ በጥቂት ገንዘብ ገዝቶት ኖሯል። ኋላም በድሀ ሰፈር ያደገው ሌላው ዳኛ እንዲህ ያለውን ሰንጢ የለመደ ሰው ከታች ወደ ላይ እንጂ ከላይ ወደ ታች እንደማይወጋበት ያስረዳል። የፊልሙ ትምህርት ግልጽ ነው፤ ዕቃውን ማየትና ሰውየውን ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሕግ አውጪዎቹ ግን ጊዜ አልነበራቸውም። የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በ1954 ዓ.ም. ባለሞላውን ሰንጢ ከለከለ፤ ሌሎችም ተከተሉ። በአሜሪካ ኮንግሬስ ነገሩ ሲመከርበት፥ አገሪቱ ከምታስተዳድርባቸው ሚኒስቴሮች መካከል የፍርድና የንግድ ሚኒስቴሮች ለረቂቁ ድጋፋቸውን አልሰጡም ነበር። ሆኖም ረቂቁ አለፈ፤ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርም በነሐሴ 12 ቀን 1958 ዓ.ም. ፈረሙበት። ሕጉ ባለሞላን ሰንጢ ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት ለሚደረግ ንግድ መሥራትን፥ ማጓጓዝንና ማቅረብን ከለከለ። የጣሰ ሰው እስከ 2,000 ዶላር መቀጮ ወይም እስከ 5 ዓመት እስራት፥ ወይም ሁለቱም እንዲፈረድበት ደነገገ።

እዚህ ላይ የሕጉን ትርጓሜ መመልከት ያስፈልጋል። ባለሞላ ሰንጢ ማለት በእጀታው ላይ ያለ ቁልፍ ወይም ሌላ መሣሪያ በእጅ ሲጫን፥ ወይም በውርወራ ግፊት ወይም በክብደት ምክንያት ስለቱ በራሱ የሚከፈት ካራ ነው ተባለ። ስለ ስለቱ ርዝመት፥ ስለ ጫፉ ሹልነት፥ ስለ ባለቤቱ አሳብ በዚህ ትርጓሜ ውስጥ አንዳች ቃል የለም። በመርፌ ቅርጫት ውስጥ ያለችው ትንሽ ሰንጢና የማኒያጎ ረዥም ሰንጢ በአንድ ቃል ተጠቃለሉ። በአንጻሩ ደግሞ በሰገባ የሚያዝ፥ ከክንድ እስከ ጣት የሚደርስ ትልቅ ካራ በዚህ ሕግ አልተነካም፤ ሞላ የለውምና።

ያም ሆኖ ሕጉ የባለሞላውን ሰንጢ የመጀመሪያ ምክንያት ፈጽሞ አልዘነጋም። የጦር ሠራዊቱን ከክልከላው አወጣ፤ ደግሞም አንድ ክንድ ብቻ ያለው ሰው ስለቱ ከ3 ኢንች፥ ማለት ከ7 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ የማይበልጥ ባለሞላ ሰንጢ ይዞ እንዲሄድ ፈቀደ። ይህች አንቀጽ ትንሽ ብትሆንም ብዙ ትናገራለች። አንዱ ዕቃ በአንዱ ሰው እጅ ወንጀል፥ በሌላው ሰው እጅ መብት መሆኑን ሕጉ ራሱ በገዛ አፉ መስክሯልና።

የእንግሊዝ ፓርላማም በተከታዩ ዓመት በ1959 ዓ.ም. ባለሞላውንና በክብደቱ የሚከፈተውን ሰንጢ መሥራትን፥ መሸጥንና ማከራየትን ከለከለ። ነገር ግን ለሽያጭ በመስኮት መደርደር በራሱ መሸጥ አይደለም የሚል ክርክር የሚያስነሣ ቀዳዳ ስለ ነበረበት፥ በ1961 ዓ.ም. ለሽያጭ ማሳየትንና ለዚሁ መያዝን ጨምሮ የሚከለክል ተጨማሪ ሕግ ማውጣት ግድ ሆነ። ረቂቅ የሚጽፍ ሰው አንድ ቃል ቢረሳ ስንት ምክር ቤት ዳግመኛ እንደሚሰበሰብ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከሕጉ በኋላ የሆነው ነገር ደግሞ የዛሬው ንግግራችን ዋና ነጥብ ነው። ፋብሪካዎች ባለሞላ ሰንጢ መሥራት ሲያቆሙ የእጅ ሙያ ያላቸው ሰዎች ሥራውን ወደየቤታቸው ወሰዱት። ከገበያ በሕግ የተፈቀደውን ተራ ተጣጣፊ ሰንጢ እየገዙ ወደ ባለሞላ ይለውጡት ጀመር። በ1964 ዓ.ም. የወጣው፥ የእንጨት እጀታና የነሐስ ጫፎች ያሉት፥ ስለቱ ተከፍቶ የሚቈለፈው «በክ 110» የተባለው የአሜሪካ ሰንጢ ለዚህ ለውጥ ከተመረጡት አንዱ ነው፤ እጀታው ወፍራም ስለ ሆነ በውስጡ ሞላ ለማኖር ስፍራ ይገኛልና።

ለዋጩ ባለሙያ ሰንጢውን ይፈታል፤ ስለቱ በሚዞርበት ሚስማር ዙሪያ የተጠቀለለ ሞላ ያኖራል፤ አንዱን ጫፍ ከእጀታው፥ ሌላውን ከስለቱ ጋር ያያይዛል፤ ለቁልፉም ስፍራ ያበጃል። ሥራው ሲነገር ቀላል ቢመስልም ትዕግሥትና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ሞላው ደካማ ቢሆን ስለቱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ኀይለኛ ቢሆን ማጠፊያውን እየመታ ያላላዋል። ከሁሉ የሚብሰው ግን የቁልፉ ጫፍ በቀዳዳው በደንብ ያልተቀመጠ እንደ ሆነ ነው፤ ሰንጢው በኪስ ውስጥ ሳለ ይከፈትና ባለቤቱን ያቆስላል። ስለዚህ የታወቁ ባለሙያዎች ቁልፉን የሚያግድ ትንሽ ተንሸራታች መጠበቂያ ይጨምሩበታል።

ይህን ያደርጉ ከነበሩት ብዙዎቹ አዳኞች፥ የብረት ሥራ ወዳዶችና ሰብሳቢዎች ነበሩ። ደንበኞቻቸውም ሰንጢውን ለማገዶና ለገመድ እንጂ ለሰው አልፈለጉትም። ግን በሕጉ ቃል መሠረት ጠዋት ከሱቅ የተገዛው ሰንጢ ማታ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ሲነሣ ሌላ ዕቃ ሆኗል። የስለቱ ርዝመት አልተለወጠም፥ ስለቱም ይበልጥ አልተሳለም፤ የተጨመረችው ከጣት ጫፍ የማትበልጥ የሽቦ ጥቅል ናት። የባለሙያው ስምና የወንጀለኛው ስም የሚለያዩት በዚያች ሽቦ ሆነ። በሌላ በኩል ደግሞ በተንኮል የሚያስብ ሰው እንዲህ ያለ ድካም አያስፈልገውም ነበር፤ ከማንኛውም ወጥ ቤት የተነሣ ቢላዋ ይበቃዋል።

ኋላም ጥበበኞች ሕጉን ሳይጥሱ ወደ ድንበሩ የሚጠጉበትን መንገድ ፈለጉ። በ1990ዎቹ ብላኪ ኮሊንስና ኬን ኦኒየን የተባሉ አሜሪካውያን የሰንጢ ንድፍ አውጪዎች «ረዳት ሞላ» ልንለው የሚገባውን ዘዴ አወጡ። በዚህ ዘዴ ስለቱ በተዘጋ ጊዜ ሞላው የሚገፋው ወደ መዘጋት ነው። ባለቤቱ ስለቱን ራሱን በጣቱ ጥቂት ሲገፋው ግን ሞላው አቅጣጫውን ይለውጥና የቀረውን መንገድ ይጨርስለታል። እንግዲህ በእጀታው ላይ ቁልፍ ስለሌለ፥ መጀመሪያውም የሰው ጉልበት ስለ ሆነ፥ በ1958ቱ ሕግ አይከለከልም ተባለ፤ በሚሊዮን በሚቈጠሩ ሰዎች ኪስም ገባ።

በ2009 ዓ.ም. ግን የአሜሪካ ጉምሩክ መሥሪያ ቤት ከዚህ በፊት የሰጣቸውን ፈቃዶች ሽሮ ረዳት ሞላ ያለውን ሰንጢ ከክልክሉ ወገን ለመቁጠር አሳብ አቀረበ። ሕጉ አልተለወጠም፤ ሊለወጥ የታሰበው የመሥሪያ ቤቱ አተረጓጎም ነው። ብዙ አቤቱታ ከቀረበ በኋላ ኮንግሬስ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ሕጉን አሻሽሎ፥ ስለቱ ወደ መዘጋት እንዲያዘነብል የሚያደርግ መሣሪያ ያለውንና ያንን ዝንባሌ ለማሸነፍ በስለቱ ላይ የእጅ ጉልበት የሚጠይቀውን ሰንጢ ከክልከላው አወጣ። ይህን ያህል ሕዝብ ንጹሕ ወይም ጥፋተኛ የሚሆንበት ነጥብ የአንዲት ሞላ አቅጣጫ ሆነ ማለት ነው።

እንግሊዞች ግን ተቃራኒውን መንገድ ያዙ። በ2019 ዓ.ም. ያወጡት ሕግ ከከፊል መከፈት ወደ ሙሉ መከፈት በሞላ የሚደርሰውንም ሰንጢ በትርጓሜው ውስጥ አስገባ፤ በቤት ውስጥ እንኳ መያዝን ከለከለ። አንዱን ዕቃ ሁለት የሠለጠኑ አገሮች፥ ሁለቱም በማሰብና በመምከር፥ አንዱ በቀኝ ሌላው በግራ አስቀመጡት።

በአሜሪካ ደግሞ ክፍለ ግዛቶች የቀድሞውን ክልከላ አንድ በአንድ ማንሣት ያዙ። ኒው ሃምፕሺር በ2010፥ ቴክሳስ በ2013 ዓ.ም. ይህን አደረጉ። የፋብሪካዎቹም ነገር ተለወጠ፤ ቀድሞ ባለሙያዎች በየቤታቸው ይለውጡት የነበረውን «በክ 110» ኩባንያው ራሱ በቁልፍ የሚከፈት አድርጎ ለገበያ አቀረበው። በነሐሴ ወር 2024 ዓ.ም. ደግሞ የማሳቹሴትስ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በዚያ ክፍለ ግዛት የነበረው ክልከላ የአገሪቱን ሕገ መንግሥት የሚቃረን ነው ሲል ፈረደ። ፍርድ ቤቱ ወደ ታሪክ ተመልሶ፥ ተጣጣፊ ሰንጢ አገሪቱ ከተመሠረተችበት ዘመን ጀምሮ በሕዝቡ ኪስ የነበረ ዕቃ መሆኑን፥ ባለሞላውም በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች የተፈቀደ መሆኑን መረመረ። እነሆ ለአንድ የወንጀል ክስ ዳኞቹ የሰንጢን ታሪክ መማር ግድ ሆነባቸው።

አድማጮቻችን ሆይ፤ ይህን ሁሉ ያነሣነው ሰንጢን ለማመስገን ወይም ክልከላን ለማውገዝ አይደለም። የ1950ዎቹ ሕግ አውጪዎች በከንቱ አልደነገጡም፤ በየመንገዱ የወደቁት ወጣቶች እውነተኛ ነበሩ። ዛሬም እንግሊዞች አጥብቀው የሚከለክሉት በስለት የሚወድቁባቸውን ልጆች እያሰቡ ነው። ሕዝብን ከጉዳት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት መንግሥት አደገኛ መስሎ የታየውን ነገር ሊወስን ይችላል፥ ይገባዋልም።

ነገር ግን የዚህች ትንሽ ሞላ ታሪክ የሚያስተምረን አንድ ነገር አለ። ደንብ የዕቃውን መልክ ብቻ ይዞ ሲጻፍ፥ ብልህ እጅ መልኩን ይለውጠዋል፤ ደንቡም ከኋላው እየተከተለ ቃል በቃል ላይ ይጨምራል። መሥሪያ ቤቱ አተረጓጎሙን ሲለውጥ ደግሞ ትናንት ንጹሕ የነበረው ሰው ዛሬ ራሱን ተጠያቂ ሆኖ ያገኘዋል። የጉዳት አሳብ ያለው ሰው ግን በደንቡ አይገታም፤ የሚጨብጠው ሌላ ብረት አያጣምና። በዚያ ሁሉ ረዥም ሕግ ውስጥ ሳትነቀፍ የቆየችው አንቀጽ አንድ ክንድ ላለው ሰው የተጻፈችው መሆኗ በአጋጣሚ አይመስለንም። እርስዋ ብቻ ዕቃውን ትታ ሰውየውን አይታለች።

ስለዚህ በጠረጴዛው ላይ ረቂቅ የቀረበለት ወይም ትርጓሜ እንዲሰጥ የተጠየቀ የመንግሥት ባለሥልጣን ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ሁለት ነገር ቢጠይቅ መልካም ነው። ይህ ዕቃ በመጀመሪያ የተሠራው ለማን ችግር ነበር? የምጽፈው ቃልስ የሚይዘው ጥፋተኛውን ነው ወይስ ዕቃውን የያዘውን ሁሉ? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በቅድሚያ የመለሰ ደንብ ዕድሜው ይረዝማል፤ ያልመለሰው ግን ሰንጢው እንደ ተከፈተና እንደ ተዘጋ እርሱም ሲከፈትና ሲዘጋ ይኖራል።